አበባው ለሶላንዥ ነበር

አንሴልም ኬሜነር ነገሩን ሁሉ በሰው የሚያሠራ ሰው ነበር። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። በጠዋት ተነሥቶ የሚያነብ፣ የተማሪውን ጽሑፍ አርሞ በቀጠሮው የሚመልስ ትጉህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ግን ከብዕርና ከጠመኔ በቀር እጁ ምንም ነክቶ አያውቅም። ሸሚዙን ያስተኩሳል፤ ብስክሌቱን ያስጠግናል፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር ለሰው መንገር ሲኖርበት ያስነግራል። አንድ ዓመት እኅቱን «እንኳን ተወለድሽ» ያስባላት በጸሐፊያችን በማሪቮን ነው። እኅቱም የዋዛ አልነበረችምና ከዚያ ወዲህ የልደት ኬኳን ስትቆርስ የወንድሟን ድርሻ የምትልከው ለማሪቮን ሆነ።

ታዲያ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠና የኖረው ምንን ይመስላችኋል? ማስደረግን። ፈረንሳይኛ «በላ»ን «አስበላ» ለማድረግ እንደኛ ግሱ ራስ ላይ ፊደል አይጨምርም። «ፌር» የምትባል ግስ ያመጣና ከዋናው ግስ ጋር ያጣብቃታል። ሁለቱ አንዴ ከተጣበቁ መካከላቸው ሰው አያስገቡም። ሥራውን በእርግጥ የሚሠራው ምስኪን ወደ ኋላ ይገፋና በአንዲት ትንሽ ቃል ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንሴልም ስለዚያ ተንጠልጣይ ሰው ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፏል። የጻፈው በእጁ ነው፤ ያስተየበው ግን በማሪቮን።

እኔ እሱ በሚያስተምርበት የቋንቋ ጥናት ክፍል የምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎችን አስተምራለሁ፤ ቢሮዬም ከአንሴልም ቢሮ ቀጥሎ ነው። በአማርኛ «አበላ» ሌላ፣ «አስበላ» ሌላ መሆኑን የነገርኩት ቀን ሎተሪ የደረሰው ሰው ነበር የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ ጤናዬን ከመጠየቁ በፊት፣ አንድ ግስ ያስረባኛል።

ሶላንዥ ቦድሪ ደግሞ ፊት ለፊታችን ነበረች። እሱ የሚያስተምረው የዓረፍተ ነገርን አወቃቀር፣ እሷ ትርጉምን ነው። እሱ እንደሚለው አወቃቀር ፈረስ ነው፤ ትርጉም ጭራው ናት፣ ተከትላ ትሄዳለች። እሷ እንደምትለው ደግሞ ፈረሱ የሚሄደው የሚሄድበትን የሚያውቅ ጋላቢ ስላለው ነው። በዚህ ነገር ስንት ዓመት እንደተጨቃጨቁ የሚያስታውስ የለም። ሁለቱም ያለፈው ዘመን ሰዎች ስለሆኑ አንድም ቀን «አንተ»፣ «አንቺ» ተባብለው አያውቁም፤ ሲዘላለፉ እንኳ በ«እርስዎ» ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የካፊቴሪያው የተቀቀለ ጎመን ቀረበልን። የክፍሉ ኃላፊ ውሻ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ሥር ተኝቷል። ሶላንዥ ጎመኗን ቀስ ብላ ወደ ታች ስታወርድ አንሴልም አያት።

«ይኸው፣» አለ፣ «ጎመን ለውሻ አበሉ።»

«ተሳስተዋል። ጎመኑን ለውሻው አበላሁት ብል ያሰብኩት ለውሻው ነው፤ ሆዱ ይሙላ ብዬ። ጎመኑን በውሻው አስበላሁት ብል ግን ያሰብኩት ለራሴ ነው፤ ሳህኔ ባዶ እንዲሆንልኝ። እዚያ ላይ ውሻው ሹካ ነው።»

«በሁለቱም ጎመኑን የበላው ውሻው ነው፤ ልዩነቱ መስተዋድዷ ብቻ ናት።»

«እርስዎ ውሻውን ጠይቀውት ስለማያውቁ ነው።»

አንሴልም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ዘፈን ሲያንጎራጉር ዋለ። ሶላንዥ የረታችው ቀን ሁልጊዜ ያንጎራጉራል። ማሪቮንም እኔም የዚህን ምክንያት ካወቅን ቆይተናል። የማታውቀው አንዲት ሶላንዥ ብቻ ነበረች፤ ወይም እንዳላወቀች ትሆን ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ያለ ጥርጥር የማውቀው አንሴልም እንደማይነግራት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በማን ያስነግራል?

የጡረታው ጊዜ በሰኔ ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ከተማ ባለው አሮጌ አዳራሽ የመጨረሻ ንግግሩን አድርጎ፣ ጽዋ ተነሥቶለት ሊሸኝ ተወሰነ። ያኔ ይመስለኛል የጨነቀው። ሰኞ ሲነጋ ፊት ለፊቱ የሶላንዥ በር አይኖርም።

ሶላንዥ አንድ ጊዜ በጨዋታ መሐል ግቢዬ ራቁቱን ነው፣ አንድ አበባ እንኳ የለበትም ብላ ነበር። አንሴልም ይህን ይዞ ወንዙ ዳር ካለው አበባ ሻጭ፣ ከሙሴ ኦዥሮ ዘንድ ሄደና ሦስት ትልልቅ ሰማያዊ ኦርታንሲያ ከነሸክላ ማሰሮአቸው አስመረጠ። ቃል የሰፈረበት ካርድ አላደረገበትም፤ ካርድ ላይ በራስ ቃል መጻፍ አለና። አሳቡ እንዲህ ነበር፤ አበባው ጠዋት ቤቷ ይደርሳል፣ እሷም ነገሩ ይገባታል፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ስትገባ ፊቷን አይቶ መልሱን ያውቃል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሁሉ ነገር ያልቃል ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት ፀጉሩን እያስቆረጠ ለማሪቮን ደወለ። የፀጉር ቆራጩ መቀስ ጆሮው ሥር እየተንጫጫ፣ ኦዥሮ ጋ ሦስት ኦርታንሲያ አለኝ አላት፤ ቀጥሎም ዕድሜውን ሙሉ በሰሌዳ ላይ ሲበትነው የኖረውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ፌት ፖርቴ ሌ ፍሌር አ ሶላንዥ።»

ይህ በአማርኛ «አበቦቹን ለሶላንዥ አስወስጂላት» ማለት ነው። «አበቦቹን ሶላንዥን አሸክሚያት» ማለትም ነው። እኛ ሁለቱን በሁለት መንገድ እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን «አ» የምትል አንዲት ቃል አለችው፤ ተቀባዩም ተሸካሚውም በእሷው ላይ ይንጠለጠላሉ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከወሬው አካባቢ ነው።

የማሪቮን አካባቢ ደግሞ ያን ሰዓት ድግስ ነበር። ወይኑ አልመጣም፤ ብርጭቆ ጎድሏል፤ አዳራሹ ባዶና ጨለም ያለ ነው። አበባ ሲባል የታያት ያ ባዶ አዳራሽ ነው። ሶላንዥ ደግሞ የምትኖረው ከኦዥሮ ሱቅ ጀርባ ነው፤ መኪናም አላት። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ሆነላት። ቀትር ላይ ደውላ፣ አንሴልም አበቦቹን ይዘው ወደ አዳራሹ ይምጡልኝ ብሏል አለቻት።

የሶላንዥ መኪና ግን ጋራዥ ገብታለች። ሴትዮዋ ለዕለቱ ያዘጋጀችውን ነጣ ያለ ቀሚስ ለብሳ፣ ሊፕስቲኳን ተቀብታ ልትወጣ ስትል ነው ስልኩ የደረሳት። ሙሴ ኦዥሮ አዘነላትና ካሪዮላ አዋሳት። ከወንዙ ወደ ላይኛው ከተማ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ዳገት ነው፣ ጥላ የለውም። እኔ መሐል ዳገት ላይ አገኘኋት። ሦስቱ ኦርታንሲያዎች እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው ተቀምጠዋል፤ እሷ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ከኋላ ትገፋለች። አንዱን እጀታ ያዝኩላት።

«ለገዛ ሽኝቱ አበባ እኔን ያሸክመኛል፣» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ለመሆኑ እሱ የት ነው?»

ጠዋት ማሪቮን ፀጉር ቤት ነው ብላኝ ነበርና ያንኑ ነገርኳት፤ ዋሽቼ ላድነው አልቻልኩም። ሶላንዥ የቀረውን ዳገት የጨረሰችው በንዴት ጉልበት ነው።

አንሴልም አዳራሹ በር ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ተከርክሞ፣ ክራቫቱ ታስሮ፣ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተማሪ መንገዱን ያያል። ያየው እኛን ነው። ሶላንዥን፣ ከቀላ ፊቷና አፈር ከነካው ቀሚሷ ጋር፤ ከፊት ለፊቷም የላከላትን ሦስቱንም አበባ።

«አበባዎ ይኸውልዎ፣» አለችውና አልፋው ገባች።

ሰው በቁሙ ሲገረጣ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት፣ ውኃ አመጣሁለት። ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ጠዋት የላክሁላትን በአደባባይ መለሰችልኝ አለኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ፤ ግቢዋ ራቁት መሆኑን፣ ካርድ ያልጻፈበትን ምክንያት፣ ሰኞ የማይኖረውን በር። በማንም ሳያስነግር፣ በገዛ አፉ። ከዚያ ተጠራና እየከበደው ወደ መድረኩ ወጣ።

እኔ ቀጥ ብዬ ማሪቮን ዘንድ ሄድኩ፤ ምን ነበር ያለሽ አልኳት። ቃል በቃል ደገመችልኝ። ደግማ ስትጨርስ ተያየን። ማሪቮን ሰዋስው አልተማረችም፤ ግን የተወለደችበት ቋንቋ ነውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሶላንዥ ከኋላ ረድፍ ክንዷን አጣምራ ተቀምጣለች። ጎኗ ገብቼ በሹክሹክታ ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ምን እንደነበረበት አላየሁም። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረና ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። መሐረቧን አፏ ውስጥ ልትጎሰጉስ ምንም አልቀራት።

አንሴልም በበኩሉ ንግግሩን እየገደለው ነው። ለማሳቅ ያዘጋጃቸውን ምሳሌዎች እንደ ሐዘን ማስታወቂያ አነበባቸው። የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ መምህራችን መሰነባበቱ ከበዳቸው ብለው አዘኑ። ሲጨርስ በደንብ ተጨበጨበለት። ጥያቄ ያለው አለ ሲባል ሶላንዥ ተነሣች። አጠገባችን የመጣችው ማሪቮን ክንዴን ጨመቀችኝ።

«በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ፍርድዎን ልጠይቅ፣» አለች ሶላንዥ። «አንድ ሰውዬ ስልክ ደውሎ ‹ሻንጣዎቹን ፌት ፖርቴ አ ፖሊን› ይላል። ፖሊን ማን ናት? ተሸካሚ ናት ወይስ ተቀባይ?»

አንሴልም ልቡ ቢሰበርም የሰዋስው ጥያቄ ነው፤ እምቢ ማለት አይችልም። ጠመኔ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ዓረፍተ ነገሩን በቅርንጫፍ እየከፈለ ሁለት ዛፍ ሣለ፤ በአንደኛው ፖሊን ከታች፣ ከመሸከም ግስ ሥር ሆና ሻንጣ ትጎትታለች። በሁለተኛው ተሸካሚው ሰው ጭራሽ አልተጠራም፤ ፖሊን እንደ እመቤት ዳር ላይ ቁጭ ብላ የሚመጣላትን ትቀበላለች። እየሣለ ሲሄድ ድምፁ ተመለሰለት። ጆሮ ለሁለቱ ልዩነት አያገኝም፤ ስውር የሆነው አወቃቀሩ ነው እያለ ልማደኛው አንሴልም ሆነ።

«እሺ፣» አለች ሶላንዥ፣ «ሻንጣው አበባ ቢሆንስ?»

«ምንም አይለውጥም፣» አለ ጀርባውን እንደሰጠን። «ሻንጣም ቢሆን፣ አበባም ቢሆን፣ ሦስት...»

ጠመኔው ቆመ።

አዳራሹ ሙሉ ሰው የጠበቀው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው። እኛ ሦስታችን የጠበቅነው የአንሴልምን ጆሮ ነበር፤ ጫፉ ቀላ፣ ከዚያ ሙሉው፣ ከዚያ አዲስ የተከረከመው ማጅራቱ። ቀስ ብሎ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ኦርታንሲያዎች አየ፤ ማሪቮንን አየ፤ ማሪቮን ጣራውን አየች።

«እንዲህ ሲሆን፣» አለ በመጨረሻ፣ «ትርጉሙን ከአወቃቀሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።»

«ጎሽ። በምን ይታወቃል ታዲያ?»

«ተናጋሪው ይጠየቃል።»

«እየጠየቅኩ ነው፣» አለች ሶላንዥ።

ከፊት የተቀመጡት ሊቃውንት ጥያቄው በጣም ጥልቅ ሆኖባቸው ማስታወሻ ይይዛሉ። አንሴልም ጠመኔውን አስቀመጠ፤ እጁ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

«ተቀባይ ናት፣» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ማይክራፎኑ በደንብ ባልያዘው ድምፅ፣ «ተሸካሚ ትሁን ብሎ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበም» አለ።

«አመሰግናለሁ። አወቃቀር ብቻውን እንደማይበቃ በጡረታዎ ዕለት ማመንዎን ግን ሰው ሁሉ ይመዝግብልኝ፣» አለችና ተቀመጠች። አዳራሹ ሣቀ። ሴቲቱ የመጨረሻዋን ጠብ አሸነፈች ብለው ነው የሣቁት፤ ይሁን፣ እሱም ውሸት አይደለም።

ወይኑ ተጠጥቶ፣ ሰዉ ተሳስሞ ሲበተን ፀሐይዋ ገና ወንዙ ላይ ነበረች። አንሴልም እንደ ልማዱ ወደ ማሪቮን መጣ፤ «ማሪቮን፣ እባክሽ አበቦቹን...» ብሎ ጀመረ። ማሪቮን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ካሪዮላው ውጭ ነው አለችውና ሄደች።

ካሪዮላ ቁልቁል መያዝ ከዳገቱ ይብሳል፤ ልማድ ይጠይቃል። አንሴልም ኮቱን አውልቆ፣ ክራቫቱን ወደ ኋላ ወርውሮ፣ ሁለቱን እጀታ እንደ በሬ ቀንድ ጨበጠ። እኔ ልረዳው ስጠጋ ሶላንዥ ተይው አለችኝ፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከፊት ከፊቱ እንደ ዋና ተቆጣጣሪ ትሄዳለች። እኔም ቤቴ በዚያው መንገድ ነውና ተከተልኳቸው፤ ባይሆንም እከተል ነበር። በየጊዜው ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ፣ ቀስ ይበሉ ትለዋለች፤ እሱ እሺ፣ እሺ ይላል። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ጎማው ድንጋይ ነከሰና አንዱ ማሰሮ ተንከባሎ ወረደ። አበባው ተረፈ፤ ሸክላው እንክትክት አለ።

አንሴልም ስብርባሪውን ቁልቁል አየው።

«ሰበርኩት፣» አለ።

ሶላንዥ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችው። ያ ፊት ምን ይባላል ብትሉኝ ስም አላገኝለትም።

«‹ተሰበረ› አላሉም፣» አለችው። «ጥሩ ጅምር ነው።»

አበባውን ከነሥሩ አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። አፈሩ ሸሚዙ ላይ ተዘረገፈ። ሁለቱን ማሰሮ በአንድ እጅ መግፋት ስላልሆነለት አንዱን እጀታ እሷ ያዘች፤ እሷም ሳትጠየቅ፣ እሱም ሳያስይዛት።

በሯ ላይ የተባባሉትን የነገረችኝ ኋላ ራሷ ሶላንዥ ናት። አንሴልም አበባውን እንዳቀፈ ረጅም ንግግር ጀመረ፤ አንድ ሰው ለረጅም ዘመን አንድን ነገር ለሌላ ሰው ማስታወቅ ቢፈልግ፣ የሚል። ሶላንዥ አቋረጠችው። ግሱን ያሳጥሩት አለችው፣ ሰውየው እርስዎ ነዎት፣ ሌላዋ እኔ ነኝ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተናገረ፤ አጭር፣ ባለ አንድ ግስ ዓረፍተ ነገር። ምን እንዳለ በትክክል አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እሷ ግን ወዲያው እሺ አላለችውም። እግሯ ተላልጧል፣ ቀሚሷ ተበላሽቷል፤ ይህን ንግግር ደግሞ ስትጠብቅ ጠብቃ፣ አይመጣም ብላ ካጠፈችው ቆይታለች። ደክሞኛል አለችው። በሩን ልትዘጋው ስትል ተወችውና፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው።

«እሑድ ምሳ ና። ዓሣውን የምትሠራው አንተ ነህ።»

እሑድ ማሪቮንና እኔም ተጠራን፤ ምስክር ያስፈልጋል ተብሎ። ስንደርስ የዓሣው ሽታ ቀድሞን ደረጃው ላይ ተቀበለን። አንሴልም ግንባሩ ላይ ዱቄት አለ፤ አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከምድጃው ያወጣው ነገር ባንድ ጎኑ ጥሬ፣ በሌላው ጎኑ ከሰል ነበር። ማሪቮን በትሕትና ድንቹን ብቻ በላች። እኔ ዳቦ አበዛሁ።

ሶላንዥ በምግብ ነገር ምሕረት የላትም፤ ከልክ በላይ በበሰለ እንቁላል የተነሣ ከምግብ ቤት ስትወጣ አይቻታለሁ። ያን ቀን ግን ስለ ዓሣው አንድ ቃል አልተናገረችም። አጥንቱን ለይታ፣ ያረረውን ፍቃ፣ ሳህኗን ጨርሳ፣ ማቅረቢያው ሳህን ላይ ወደቀረው ቁራጭ ሹካዋን ዘረጋች።